ባለ ጂፒኤስ የሩጫ ሰዓት፦ የትኛውን ቁጥር እንመን?

ላለፉት 8 ወራት ልምምዴን የሠራሁት ርቀትን፣ ፍጥነትንና የልብ ምትን የሚመዘግብ፣ መልእክቱንም በንዝረት የሚያስተላልፍ ባለ ጂፒኤስ የሩጫ ሰዓት አስሬ ነው። ጥንካሬውም ሆነ ድክመቱ በአብዛኛው ከአሠራሩ የሚመነጭ ስለሆነ፣ አስተያየቴ ሌሎች ተመሳሳይ ሰዓቶችንም ይመለከታል።

በመጀመሪያ የፈተንኩት ርቀቱን ነው። በ400 ሜትር መም ላይ በመጀመሪያው መስመር 12 ዙር ተኩል፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ሮጬ ስጨርስ ሰዓቱ 5.13 አሳየኝ። ሰዓቱ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ቢያንስ 4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ በመሆኑ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት አይጠፋም፤ ሯጩ ደጋግሞ በሚታጠፍበት መም ላይ ደግሞ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰማዩ ገላጣ በሆነ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ግን አላስቸገረኝም። በመም ላይ ዙሩን ቁልፍ እየተጫኑ መያዝ ይሻላል።

በሰፊው ልናገርበት የምፈልገው የልብ ምቱን ነው። ከሰዓቱ ጀርባ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ወደ ቆዳ ብርሃን ይልካሉ፤ በደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም በየምቱ ከፍ ዝቅ ሲል ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም አብሮ ስለሚለዋወጥ ሰዓቱ ከዚያ ተነሥቶ ምቱን ይቆጥራል። ቁጭ ባልኩበትና በእርጋታ በተራመድኩበት ጊዜ ቁጥሩ አስተማማኝ ነበር። አንድ ብርዳማ ማለዳ ግን ሰውነቴን በዝግታ እያሟሟቅሁ፣ አጠገቤ ካለው ሯጭ ጋር ያለ ችግር እያወራሁ ሳለ 174 የሚል ቁጥር አየሁ። ወዲያው ቆሜ ሁለት ጣቶቼን አንገቴ ላይ አድርጌ በ15 ሴኮንድ 34 ምት ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 136 መሆኑ ነው። ቤት ገብቼ መዝገቡን ስመለከት በዚያች ደቂቃ የረገጥኩት እርምጃም 174 ነበር። ለካ መሣሪያው የልቤ ምት አድርጎ የቆጠረው እርምጃዬን ኖሯል! ብርድ በቆዳ ሥር የሚዘዋወረውን ደም ስለሚቀንስ እንዲህ ያለው ስሕተት በቀዝቃዛ ጊዜ ይበረታል። ከዚያ ወዲህ ለጠንካራ ልምምድ የልብን ኤሌክትሪካዊ ምልክት የሚያነበውን የደረት ቀበቶ እታጠቃለሁ፤ እሱም ቢሆን ከመታጠቅ በፊት ቆዳን የሚነካው ክፍል በውኃ ካልረጠበ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሳሳታል። ሰዓቱ ዕድሜን ከ220 በመቀነስ የሚያወጣውን የልብ ምት ጣሪያም እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ስሌቱ አማካይ ግምት እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ልክ አይደለም።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? እኔን የጠቀመኝ በዝግታ መሮጥ ባለብኝ ቀን ከወሰንኩት ፍጥነት ባለፍኩ ቁጥር በንዝረት ስለሚያስታውሰኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሴኮንድ ስታሻሽል፣ በመሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በተራ የሚበሩት መብራቶች የክብረ ወሰኑን ፍጥነት ያመለክቱ ነበር። ለተራ ሯጭ ይህን የአሯሯጭነት ሥራ በመጠኑም ቢሆን የሚተካለት በእጁ ላይ ያለው ሰዓት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ሰዓቱ ማየት ለተሳነው የልምምድ ባልደረባዬ ያደረገለት ነገር ነው። በአጭር ገመድ ተያይዘን ስንሮጥ ቀድሞ በየኪሎ ሜትሩ «ስንት ደረስን?» እያለ ይጠይቀኝና የነገርኩትን ያምን ነበር። አሁን አንድ አጭር ንዝረት ኪሎ ሜትር መሙላቱን፣ ረጅም ንዝረት ደግሞ መፍጠናችንን ይነግረዋል፤ ስለዚህ «ጨምረናል፣ እንቀንስ» የሚለኝ እሱ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሰዓቱን የሚያስተካክሉበት የስልክ መተግበሪያ ላይ ያሉት በርካታ ቁልፎች ጽሑፍን ወደ ድምፅ ለሚለውጠው አንባቢ ስም ስላልተሰጣቸው፣ ንዝረቱን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ራሱን ችሎ የሚሮጥ ሰው የገዛ ሰዓቱን ለማስተካከል ሌላ ሰው መለመኑ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ አምራቹ ከማንኛውም አዲስ ማሻሻያ በፊት ይህን ማረም ነበረበት።

የካሎሪው ቁጥር ሻካራ ግምት ስለሆነ ምግብ አይመጠንበትም። ሰዓቱን ለመግዛት ለሚያስቡ፣ በላብና በዝናብ በርጥብ ጣት ለመጠቀም ስለሚመች በንክኪ ብቻ ከሚሠራው ይልቅ የጎን ቁልፎች ያሉትን እንዲመርጡ እመክራለሁ። ማየት ለተሳነው ሰው የሚገዛ ከሆነም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ባለቤቱ ራሱ መተግበሪያውን ከፍቶ አንድ የንዝረት ማስታወሻ ያለ ረዳት እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠው።