የተቀባ ፊትና እውነተኛ ሳቅ፦ የ1968ቱን «ዘ ፓርቲ» ዛሬ መልሶ ማየት

«ዘ ፓርቲ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ ፊቱን ቡናማ የተቀባው ዋና ተዋናይ ሕንዳዊ ሳይሆን እንግሊዛዊው ፒተር ሴለርስ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰሞኑን የፊልሙን ዲጂታል ቅጂ ገዝቼ 99 ደቂቃውን ሙሉ ስመለከተው ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ የምስቀው ሰውየው በሚሠራው ነው ወይስ ሰውየው በሆነው?

ብሌክ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ይህ ኮሜዲ የሚጀምረው በፊልም ቀረጻ ላይ ነው። ህሩንዲ ባክሺ የተባለ ሕንዳዊ ተዋናይ ጥሩምባ ነፊ ሆኖ ይጫወታል፤ በጥይት ተመትቶ መሞት ሲገባው አልሞት ይላል፣ ወድቆ ይነሣል፣ ድምፁ እየሰለለ ጥሩምባውን መልሶ ይነፋል፣ በመጨረሻም የገዛ ወገኖቹ ሳይቀሩ ዝም ሊያሰኙት ይተኩሱበታል። ቀጥሎ ጫማውን ለማሰር እግሩን የሚያሳርፈው የፈንጂ ማፈንጃ ላይ ሆኖ ካሜራው ሳይዘጋጅ ምሽጉ በሙሉ ይፈነዳል። የስቱዲዮው ኃላፊ ሰውየውን ከሙያው ለማስወጣት ስሙን የጻፈበት ወረቀት የራት ግብዣው የእንግዶች ዝርዝር ሆኖ ስለተገኘ፣ ባክሺ በስህተት ተጋብዞ ከኃላፊው ቤት ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት አብዛኞቹ ቀልዶች፣ በእኔ ግምት፣ ከዘር ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ባክሺ የቆሸሸ ነጭ ጫማውን በቤቱ ውስጥ ባለው ኩሬ ሲያጥብ ጫማው ከእጁ አምልጦ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲፈልገው ቆይቶ ጫማው የምግብ ማቅረቢያ ሳሕን ላይ ተቀምጦ በእንግዶች መካከል ሲዞር እናገኘዋለን። በማዕዱ ሰዓት ወንበር አጥሮ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ሲቀመጥና አገጩ ከገበታው ጋር እኩል ሲሆን፣ ማንም ሰው ከማያውቀው ቤት ገብቶ የሚሰማውን እፍረት ነው የምናየው። ለነገሩ ምሽቱን ሙሉ እየጠጣ የሚንገዳገደው አስተናጋጅ ከባክሺ ባልተናነሰ ያስቃል፤ እርሱን ለማሳቅ ግን ቀለም መቀባት አላስፈለገም።

ጉዳቱ ያለው በቅላጼው ነው። አንዳንድ ትዕይንቶች ውስጥ ከባክሺ አነጋገር በቀር ሌላ ቀልድ የለም፤ ቃላቱን በራሱ ቅላጼ ሲናገር እንድንስቅ ይጠበቅብናል። እዚያ ላይ ሳቄ ተቋረጠ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ታሪኩ ራሱ በሆሊውድ ሥራ ስለሚፈልግ ሕንዳዊ ተዋናይ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ ይህንኑ ክፍል ለመጫወት ሕንዳዊ ተዋናይ አለመመረጡ ነው። ሴለርስ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሶፊያ ሎረን ጋር በሠራው ፊልምም ሕንዳዊ ሐኪም ሆኖ ተጫውቶ ስለነበር ነገሩ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊባል አይችልም። «በዘመኑ ሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበር» የሚለው ማስተባበያ ይህን ትችት ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሁሉም እንዲህ ካደረገ ለሕንዳዊው ተዋናይ የቀረለት ቦታ የት ነበር?

ያም ሆኖ የዘር ቀልድ ያለባቸውን የድሮ ፊልሞች ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አልችልም። ይኸው ኤድዋርድስ ከሰባት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ባዘጋጀው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ውስጥ ሚኪ ሩኒ ገጣጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ ዩኒዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ጎረቤት ይሆናል። ይህ ሰው ይጮኻል፣ ከዕቃ ጋር ይጋጫል፣ ይበሳጫል፤ ከዚህ ያለፈ ሕይወት የለውም። ክፍሉ ቢቆረጥ ታሪኩ አንዳች ነገር አይጎድልበትም፤ ዳይሬክተሩም በኋለኛው ዕድሜው በዚህ ምርጫው መጸጸቱን ተናግሯል። ባክሺ ግን ክብር፣ ደግነትና ቁጣ ያለው ሰው ነው፤ ፊልሙም ከጋባዦቹ ይልቅ ለእርሱ ያደላል።

ይህ በግልጽ የሚታየው አንድ የወጣቶች ቡድን በቀለም የተዥጎረጎረ ዝሆን እየነዳ ወደ ግብዣው ሲገባ ነው። ባክሺ ምሽቱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ቆይቶ እዚህ ላይ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ዝሆን በአገሩ ያለውን ክብር ያስረዳል፣ እንዲታጠብም ይጠይቃል። ወጣቶቹም አፍረው እሺ ይላሉ፤ ቤቱ በአረፋ የሚጥለቀለቀውም ከዚያ በኋላ ነው። የእንስሳውን ቀለም አስነውሮ የሚናገረው ሰው የራሱ ፊት የተቀባ መሆኑ ግን ሲታሰብ ያሸማቅቃል፤ ፊልሙ ይህን ምጸት ያስተዋለው አይመስልም።

የቅላጼው ነገር በዚህ ፊልም ብቻ አላበቃም። «ዘ ሲምፕሰንስ» በተባለው የአሜሪካ የካርቱን ተከታታይ ውስጥ ላለው ሕንዳዊ ባለሱቅ ለአፑ ድምፁን ሲሰጥ የኖረው ሃንክ አዛሪያ ከሴለርስ ባክሺ መነሻ መውሰዱን ራሱ ተናግሯል፤ ኮሜዲያኑ ሃሪ ኮንዳቦሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም ይህ ድምፅ በትምህርት ቤት ለደቡብ እስያ ተወላጅ ልጆች መሳለቂያ እንደነበር አሳየ፣ አዛሪያም በ2020 ክፍሉን ተወ። ስለዚህ «ቀልድ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ለሚል ሰው መልሱ ከትምህርት ቤት ግቢ የመጣ ነው።

እንዲህም ሆኖ ፊልሙ ከገበያ ይውጣ አልልም። የኢንተርኔት ፊልም ማሳያው ዲዝኒ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2020 በ«ዳምቦ» እና በ«ፒተር ፓን» መግቢያ ላይ እንዳደረገው፣ አጭር ማሳሰቢያ አስቀድሞ ማሳየቱን እመርጣለሁ። እኔ የገዛሁት ቅጂ ምስሉ ጥሩ፣ የሄንሪ ማንቺኒ ሙዚቃም ጥርት ብሎ የሚሰማ ነው፤ ነገር ግን ስለ ሜካፑ አንዲት መስመር ማብራሪያ አልተጨመረበትም። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ከልጆች ጋር የሚያየው ሰው ከጥሩምባው ትዕይንት በኋላ ለአፍታ አቁሞ፣ ይህ ተዋናይ ማን እንደሆነና ፊቱ ለምን እንደተቀባ ቢነግራቸው፣ የጫማውን ትዕይንት ያለ ምንም ቅሬታ አብረው ይስቁበታል።