ባራ ወይስ ሉዊስና ሃሪስ? ጌሊክ በሚነገርባቸው የስኮትላንድ ደሴቶች ዕረፍት ለሚያቅዱ የቀረበ ንጽጽር

ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በሰንሰለት የተዘረጉት የውጭ ሄብሪድስ ደሴቶች የጌሊክ ቋንቋ የመጨረሻ ጠንካራ ይዞታ ናቸው። በ2022ቱ የስኮትላንድ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከነዋሪዎቹ 57 በመቶ ያህሉ ቋንቋውን በተወሰነ ደረጃ ያውቁታል፤ የመንገድ ምልክቶችም የቦታ ስሞችን በቅድሚያ የሚጽፉት በጌሊክ ስለሆነ የሁለቱን ቋንቋዎች ስም አጣምሮ የያዘ ካርታ መያዝ ይጠቅማል። ዕረፍቱን በአንድ ደሴት ለማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በደቡቡ ጫፍ ባለችው ትንሿ ባራና ሁለት ስም ይዛ አንድ ምድር በሆነችው በሰሜኗ ሉዊስና ሃሪስ መካከል ነው። ሁለቱም እጅግ ውብ ናቸው። በእኔ ግምት ምርጫውን ሊወስኑ የሚገባቸው የጉዞው መንገድ፣ የመኪና ጉዳይና የእሑድ ቀን አዋዋል ናቸው።

ወደ ባራ በአየር የሚሄድ ሰው ከግላስጎ ተነሥቶ፣ ከ20 የማይበልጡ መንገደኞች በሚይዝ ትዊን ኦተር በተባለ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይደርሳል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ትራይ ቮር በሚባለው ሰፊ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። የማረፊያውን አቅጣጫ የሚያመለክቱት የእንጨት ምሰሶዎች ባሕሩ ሲሞላ ውኃ ውስጥ ይቆማሉ፤ ስለዚህ የበረራው ሰዓት የሚወጣው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ተከትሎ ሲሆን ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። በዚያ አሸዋ ላይ መሄድ የሚፈልግ ጎብኚ የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ተሰቅሎ ካየ በረራ አለ ማለት ነውና ከዳርቻው መራቅ አለበት። መቀመጫው ጥቂት፣ የሻንጣውም ክብደት የተወሰነ ስለሆነ ዕቃ ለሚያበዛ ቤተሰብ ይህን መንገድ አልመክርም። በባሕር የሚመርጥ ከኦባን ወደብ ተሳፍሮ አምስት ሰዓት ያህል ይጓዛል፤ የኦባን ባቡር ጣቢያ ከወደቡ አጠገብ መሆኑ መኪና ለሌለው መንገደኛ ትልቅ ጥቅም ነው።

ወደ ሉዊስ የሚያደርሰው መርከብ ከአላፑል ወደብ ተነሥቶ የደሴቷ ዋና ከተማ ስቶርኖዌይ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ አላፑል ባቡር የማይደርስበት በመሆኑ ከኢንቨርነስ በአውቶቡስ ወይም በመኪና መሄድ ግድ ይላል። ከኢንቨርነስና ከግላስጎ ወደ ስቶርኖዌይ የሚደረጉት በረራዎች በመደበኛ አስፋልት ላይ የሚያርፉ ናቸው። በሁለቱም የባሕር መንገዶች ነፋስ ሲበረታ መርከብ ይሰረዛል። በዚህ ምክንያት ከደሴቱ በተመለሱበት ቀን ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ሌላ አገር የሚነሣ በረራ መያዝ አደገኛ ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት መተው ይገባል። የብሪታንያ ቪዛ ይዞ የገባ ሰው ለደሴቶቹ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም።

ባራን ዙሪያዋን የሚያካልላት መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በብስክሌት በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። ከዋናው መንደር ከካስልቤይ ፊት ለፊት፣ በባሕሩ መካከል በድንጋይ ላይ የቆመው የኪሲሙል ምሽግ የማክኒል ጎሣ መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓመት አንድ ፓውንድና አንድ ጠርሙስ ውስኪ ኪራይ ለ1000 ዓመት ለመንግሥት የቅርስ ተቋም ተሰጥቷል። 383 ሜትር ከፍታ ያለውን ሂቫል ተራራ የሚወጣ ሰው በጎኑ ላይ የእመቤታችንን የእብነ በረድ ሐውልት ያገኛል፤ ከዚያ ሆኖ መንደሩንና ምሽጉን ከነባሕሩ በአንድ ዕይታ ያያል። ወደ ቫተርሴይ ደሴት በባሕሩ ላይ በተሠራው መሻገሪያ በእግርም ይገባል።

ሉዊስና ሃሪስ ግን ያለ መኪና ይከብዳሉ። ከስቶርኖዌይ እስከ ሃሪሷ ታርበርት ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙዎቹ መንገዶች ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቁና በየተወሰነ ርቀት የማሳለፊያ ቦታ ያላቸው ናቸው። ድካሙን የሚክስ ነገር ግን አለ። 5000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት የካላኒሽ ትክል ድንጋዮች፣ የሉስከንታየር ነጭ አሸዋ፣ እስከ 1974 ድረስ ሰው ይኖርባቸው የነበሩት የገረናን የሣር ክዳን ቤቶች በአንድ ጉዞ የሚገኙት እዚህ ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የሃሪስ ትዊድ ሥራ ነው። በ1993 የወጣው ሕግ ይህን ስም የሚሰጠው በደሴቶቹ ቀለም ተነክሮና ተፈትሎ፣ የደሴቶቹ ነዋሪ በገዛ ቤቱ በእጅ ለሸመነው የሱፍ ጨርቅ ብቻ ነው። ሸማኔው እንደ ብስክሌት በእግሩ በሚያሽከረክረው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ በቤቱ ጓሮ ሲሠራ የሚያይ ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ሙያውን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። የሚገዛም ካለ የመስቀል ምልክት ያለበትን የሉል ማኅተም ይፈልግ።

እሑድን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሉዊስና ሃሪስ በፕሮቴስታንት ሰንበት አክባሪነታቸው የታወቁ ናቸው፤ የስቶርኖዌይ መርከብ እሑድ መጓዝ የጀመረው በ2009 ነው፤ ዛሬም በዚያ ቀን ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስም አይገኝም። ስለዚህ ምግብና ነዳጅ ቅዳሜ መገዛት አለበት። ባራ በአብዛኛው ካቶሊክ ስለሆነች ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት ላላ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቀሪውን ቀን በጸጥታ ማሳለፍ ለለመደ ሰው የሉዊስ እሑድ እንግዳ አይሆንበትም፤ ትናንሽ ልጆች ይዞ ዝናብ ለገጠመው ግን ቀኑ ይረዝምበታል።

ምግብን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ባራ በሼል ውስጥ በሚገኙ የባሕር ፍጥረታት፣ ስቶርኖዌይ ደግሞ ከደም በሚዘጋጅ ቋሊማ ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ሥርዓታቸውን ለሚጠብቁ ኦርቶዶክሳውያን አይሆኑም፤ ቋሊማው ለሙስሊሞችም የተከለከለ ነው። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 ጀምሮ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ስለሚውል ጿሚው ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይቶ ሽሮና በርበሬውን ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ለሙስሊም ተጓዦች ስቶርኖዌይ ብልጫ አላት፤ የደሴቶቹ የመጀመሪያ መስጊድ በ2018 የተከፈተው በዚያ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ሜይና ጁን በሁለቱም ይመረጣሉ፤ ቀኑ ይረዝማል፤ በጁን መጨረሻም የባሕር ዳሩ ሜዳ በአበባ ይሸፈናል። ወፍራም ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግን በጁላይም አይቀሩም።

መኪና ለሌላቸው ባለትዳሮችና ለብቸኛ ተጓዥ ባራን፣ መኪና ላለው ቤተሰብና ታሪክ ለሚወድ ሰው ሉዊስና ሃሪስን እመርጣለሁ። ከሳምንት በላይ ጊዜ ያለው ግን መምረጥ የለበትም፦ ከባራ ወደ ኤሪስኬይ ደሴት 40 ደቂቃ፣ ከበርነሬይ ደሴት ወደ ሃሪስ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በመርከብ ተሻግሮ፣ መካከሉን ደሴቶቹን በሚያገናኙት መሻገሪያዎች በመንዳት ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ይችላል። በጁላይና በኦገስት የመኪና ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ከማረፊያ ቤቱ በፊት የመርከቦቹ ትኬት ይቆረጥ።