የ50 ብር ተልባና የተቃጠለው ፀጉሬ

መጀመሪያ ጥፋቱን ልናገር። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበረና ሪላክሰር (ፀጉር የሚዘረጋ ኬሚካል) ልደረግ ፀጉር ቤት ገባሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ከዚያ በፊት ከተደረግኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ልጅቷ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ መቀባት ሲገባት ከሥር እስከ ጫፍ ለቀለቀችው። "አቃጠለኝ" ስላት "ትንሽ ቻይው፣ እንዲይዝልሽ ነው" አለችኝ። ቻልኩት። ከዚያ ካስክ (ማድረቂያው)፣ ከካስኩ ፒያስትራ (የጋለው መተኮሻ)። ሰርጉ ላይ አማረብኝ፣ አልዋሽም። በሳምንቱ ግን ሳበጥር የግንባሬ ፀጉር እየተቆረጠ ሚዶው ላይ ቀረ። የተረፈው ጭድ ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ፀጉር አትራራም። ሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ጠዋት በዘንባባዎቹ ሥር ሳልፍ ሰው እመስላለሁ። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሳ ግን (ጀልባዎቹ ወደ ዘጌ ጠዋት ጠዋት መውጣት የሚወዱት ለዚሁ ነው) ፀጉሬ ተንጨባርሮ እንግዳ ተቀባይ ሳልሆን እንግዳ አባራሪ እሆናለሁ።

ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ውስጥ ያልሞከርኩት የለም። ዛሬ የምጽፈው ከሁሉም ስለጸናው ስለ ተልባ ነው። ግን ሌሎቹንም ሳላነሳ አላልፍም፣ ገንዘቤን በልተዋላ።

አንደኛው ትልቅ ዕቃ ሙሉ ትሪትመንት ነው። ላዩ ላይ "የተጎዳ ፀጉር ይጠግናል" ይላል። አይጠግንም። ፀጉር ከቆዳ ከወጣ በኋላ እንደ ጥፍር ነው፣ ሕይወት የለውም። ሪላክሰር ፀጉሩን የሚዘረጋው ውስጡ ያለውን ማያያዣ በጥሶ ነው፤ የተበጠሰው ተመልሶ እንደነበረው አይሆንም። ኮንዲሽነር በአብዛኛው የሚሠራው ላይ ላዩን ነው። ቆሮሶ ዓሣ ስታጸዱ ከራሱ ወደ ጭራው ብትዳብሱት ልስልስ ይላል፤ ከጭራው ወደ ራሱ ከሄዳችሁ ቅርፊቱ ይነሳል። የፀጉርም የላይኛው ሽፋን እንደዚያው ተደራርቦ የተኛ ቅርፊት ነው። ሲጎዳ ይነሳል፣ እርጥበቱ ይተናል፣ አንዱ ካንዱ ይጠላለፋል። ትሪትመንቱ ቅርፊቱን አስተኝቶልኛል፣ እስከሚቀጥለው እጥበት። ለሱ ለሱ ግን ርካሹ ኮንዲሽነርም ያንኑ ያደርጋል።

እንቁላልም ሞክሬያለሁ። በጣም ትኩስ ውሃ ታጠብኩና ፍርፍር ሆነ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እናቴ የሁሉን ፍርድ በአንድ ቃል ጨረሰችው፦ "ቅቤ!" ዕድሜ ልኳን ሌላ ነገር ቀብታ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ፀጉሯ ከኔ ይሻላል። ለጋ፣ ያልተነጠረ ቅቤ ነው የምትለው፣ አሪቲ ጣል ተደርጎበት። ችግሩ እኔ ደረቁ ላይ ነው የምለስነው። ቅቤ ግን ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ደረቅ ፀጉር ላይ ስትቀቡት የምታሽጉት ድርቀቱን ነው። እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ታጥባ፣ ፀጉሯ ገና ርጥብ ሳለ ነው የምትቀባው። በዚያ ላይ በኛ ሙቀት ሳይክል ላይ ቅቤ ተቀብቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንገቴ ላይ ወርዶ የደንብ ልብሴን ኮሌታ አበላሸ፣ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ተለጠፈብኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ደግሞ እኔ እጾማለሁ፣ ፀጉሬ ይፈስካል። አሁን ዓርብ ማታ ብቻ እቀባለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት አጥበዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ቅቤን የሚያህል የለም።

ወደ ተልባው ልምጣ። ጾም ስለነበር ገበያው ተልባ በተልባ ነው፤ ግን ብዙው ተቆልቶ የተወቀጠ ነው። ያ ለወጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥሬውን፣ ድፍኑን ነው የምትፈልጉት። አንዲት እናት ዘንድ ቆምኩ።

"እማማ፣ ያልተቆላ ተልባ አለ?"

"አለ ልጄ። ለመጠጥ ነው ለፍትፍት?"

"ለፀጉሬ ነው።"

ቀና ብለው ፀጉሬን አዩት። አዘኑ መሰለኝ። "ለፀጉርማ ቅቤ ነው ልጄ! ተልባ ምን ሊሆን?" አሉና በ50 ብር ሰፍረው ሰጡኝ፣ ምራቂ ጨምረው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል። እኔ ቤት የሚንጫጫው ፀጉሬ ነው፣ ሙቀጫው ተልባ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የቡና ሲኒ ተልባ፣ ስምንት ሲኒ ውሃ። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ አፍሉት፤ ካላማሰላችሁት ድስቱ ሥር ይይዛል። አሥር ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ማማሰያውን አንሱና እዩት። ጠብ ጠብ ካለ ገና ነው። እንደ እንቁላል ነጭ ክር ሠርቶ ዝልግልግ ካለ ወዲያው አውርዱ። ዋናው ነገር ማጥለሉ ነው፤ ትኩሱን ነው የሚጠለለው። እኔ የመጀመሪያ ቀን "ይብረድ" ብዬ ተውኩት። ሲበርድ ሙጫ ሆነ፣ ማጥለያው አንድ ጠብታ አላሳልፍም አለ። ተናድጄ ከነፍሬው ቀባሁት። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀስ ብሎ ጠጋ አለና "እህቴ፣ ፀጉርሽ ላይ ተልባ አለ" አለኝ። አሁን በአሮጌ ስቶኪንግ ነው የማጠልለው፤ እጃችሁ እንዳይቃጠል በማንኪያ ጫን ጫን አድርጉት።

ታጥቤ፣ ኮንዲሽነሩ ገና ፀጉሬ ላይ እያለ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ላይ አፍታታለሁ። ከዚያ አለቅልቄ፣ ውሃው ጠብ ሳይል ግን ርጥብ እንዳለ ተልባውን በእጄ እየጨመቅኩ አስገባለሁ። ሁለት ሹሩባ አድርጌ በሳቲን ሻሽ አስሬ እተኛለሁ። ጠዋት ስፈታው ደረቅ ሽፋን ይሠራል፣ ትንሽ ይደድራል። መዳፍ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የጉሎ ዘይት አድርጋችሁ እሸት እሸት ስታደርጉት ይለሰልሳል። የጣና ንፋስ ያን ቀን ምንም አላደረገኝም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መስታወት አይቼ ራሴን አላመንኩም።

አሁን እንከኑን። አንደኛ፣ ከበዛ ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ጥቁር ልብስ ላይ ፎረፎር ይመስላል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። መብራት ሁለት ቀን የጠፋ ጊዜ ከፍቼ ያሸተትኩትን ሽታ አልረሳውም። አሁን የበረዶ መሥሪያው ላይ አድርጌ አንድ አንድ ኩብ አወጣለሁ። ሦስተኛው ግን ክረምት ላይ ነው የገባኝ። ተልባው ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሐምሌ ላይ በሳይክል ስመጣ ካፊያ ያዘኝና ያ ሁሉ ዝልግልግ ግንባሬ ላይ፣ ከዚያ ዐይኔ ላይ ወረደ። አያቃጥልም፣ ግን መንገድ አያሳይም። ዝናብ ባለበት ቀን ተዉት።

የተበጠሰውን አልመለሰልኝም፤ አይመልስምም። ፀጉር የሚያድገው በወር አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የግንባሬ ፀጉር አሁን ገና አራት ጣት ያህል ነው። የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጊዜ አስቆርጬዋለሁ። የተለወጠው ሚዶው ነው፤ ድሮ አንድ ጭብጥ ይቀርበት ነበር፣ አሁን ጥቂት ፍሬ ብቻ። ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለዐይኔ ነው።

የሸጡልኝ እናት አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ "ያልተቆላው አለ!" ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው ፀጉሬን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። "ደህና ነው" አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ "ቅቤ ቢጨመርበት ግን..."