ሳይበርፐንክ 2077ን በቆየ ማክ ለመጫወት የትኛውን መግዛት ይሻላል? ንጽጽር

ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮችና ለጌም ኮንሶሎች ሲወጣ የማክ ተጠቃሚዎች አልታሰቡም ነበር፤ የማክ እትሙ የወጣው ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በጁላይ 17 ቀን 2025 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ማክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው «ይህ ማሽን ያንን ጌም ይችለዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሻጮች በሚያስቀድሟቸው ነገሮች፣ ማለትም በምርት ዓመቱ፣ በስክሪኑ ስፋትና በአካሉ ንጽሕና አይታወቅም። የሚወስኑት ሦስት ጉዳዮች ናቸው፦ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ነው ወይስ የአፕል የራሱ፣ ለግራፊክስ የሚደርሰው ሚሞሪ ስንት ጊጋባይት ነው፣ ማሽኑስ ሙቀቱን በምን ያስወጣል። የመጀመሪያው የመቻልና ያለመቻል ጥያቄ ሲሆን ቀሪዎቹ ሁለቱ ጨዋታው የሚያስደስት ወይም የሚያሰለች መሆኑን ይወስናሉ።

አፕል ከኢንቴል ፕሮሰሰር ወደ ራሱ ኤም1 ቺፕ መሻገር የጀመረው በኖቬምበር 2020 ነው። የጌሙ የማክ እትም የሚሠራው በአፕል ቺፖች ላይ ብቻ ሲሆን ዝቅተኛው መሥፈርት ኤም1፣ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ እና ማክኦኤስ 15.5 ነው። በመሆኑም የኢንቴል ማክ ምንም ያህል ውድ ሆኖ የተገዛ ቢሆን፣ የ2019ኙ ግዙፍ ማክ ፕሮ እንኳ ቢሆን፣ ይህን እትም መጫን አይችልም። በአንጻሩ የኢንቴል ማኮች ቡት ካምፕ በተባለው የአፕል መሣሪያ አማካይነት ዊንዶውስን በሙሉ አቅሙ ሊጭኑና የጌሙን የዊንዶውስ እትም ሊያጫውቱ ይችላሉ፤ ይህ ዕድል ደግሞ በአፕል ቺፕ ማሽኖች ላይ የለም። እንግዲህ ገዢው የሚያወዳድረው ሁለት ማሽኖችን ብቻ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ጭምር ነው።

በሁለቱ መካከል አቋራጭ ያለ የሚመስላቸው አሉ። በኢንቴል ማክ ላይ ዊንዶውስን ፓራለልስ በተባለው፣ በማክኦኤስ ውስጥ ሌላ ሥርዓት በሚያስነሳ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ወይም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ያለ ዊንዶውስ የሚከፍተውን ክሮስኦቨርን ተጠቅሞ ይህን ጌም መጫወት ይቻላል የሚል ምክር ከሰሙ በየትኛው ማሽን እንደተሞከረ ይጠይቁ። የዊንዶውስ እትሙ የሚጠቀመው ዳይሬክትኤክስ 12 የተባለውን የማይክሮሶፍት የግራፊክስ ሥርዓት ብቻ ነው፤ የፓራለልስ የግራፊክስ ድጋፍ ከዳይሬክትኤክስ 11 አያልፍም፤ አፕል በ2023 ይፋ ያደረገው፣ ክሮስኦቨርም የሚጠቀምበትና ዳይሬክትኤክስ 12ን ወደ ማክ የሚተረጉመው የጌም ማሸጋገሪያ መሣሪያም የሚሠራው በአፕል ቺፕ ላይ ነው። ስለዚህ ለኢንቴል ማክ የቀረው መንገድ ቡት ካምፕ ብቻ ነው።

የኤም1 ማሽኖች

በአገልግሎት ላይ ከቆዩት መካከል በብዛት ለሽያጭ የሚቀርበው የ2020ው ማክቡክ ኤር ኤም1 ነው። በማስታወቂያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ «8/256» ተብሎ ይጻፋል፤ የፊተኛው ቁጥር ሚሞሪው፣ የኋለኛው ማከማቻው ነው፤ ለዚህ ጌም ማሽኑን ከውድድር የሚያስወጣው የፊተኛው ቁጥር ነው። በአፕል ቺፕ ላይ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚጋሩት ሚሞሪ አንድ በመሆኑ ከስምንቱ ጊጋባይት ላይ ማክኦኤስ የራሱን ይወስዳል፣ ጌሙ የራሱን ይወስዳል፣ የከተማዋን ሕንፃዎችና ጎዳናዎች የሚያሳዩት ምስሎችም ከዚያው ይቀዳሉ። ሚሞሪው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ኤስኤስዲውን (ፈጣን ማከማቻውን) እንደ ሚሞሪ መጠቀም ይጀምራል፤ ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው መኪና እየነዳ መንገድ ሲታጠፍ ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ሲል ነው። ሚሞሪው ከቺፑ ጋር አብሮ የታሸገ ስለሆነ ደግሞ ከግዢ በኋላ መጨመር አይቻልም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በስክሪኑ ግራ ጫፍ ያለውን የአፕል ምልክት ተጭነው «ስለዚህ ማክ» የሚለውን ይክፈቱና ሚሞሪ በሚለው መስመር ላይ 16 መጻፉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ የሻጭ ቃል አይበቃም።

16 ጊጋባይት ያለው ኤም1 ኤር መሥፈርቱን ያሟላል፤ ነገር ግን ፋን የለውም። ጨዋታው ሲጀመር ጥሩ ይሄዳል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ አካሉ ሲሞቅ ቺፑ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የፍሬም ብዛቱም (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ቁጥር) አብሮት ይወርዳል። በዚያው ዓመት የወጣው ማክ ሚኒ ኤም1 ግን ያንኑ ቺፕ ይዞ ፋን ስላለው ለሰዓታት ቢጫወቱበት እንኳ አይዋዥቅም። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውዝ ላለው ሰው ከኤር ይልቅ ሚኒውን ብመክር ይሻላል፤ መልኩ የማይስብ ትንሽ ሳጥን በመሆኑ ብዙ ገዢ አይሻማበትም፣ ለዚህ ሥራ ግን የበለጠ የሚታመነው እሱ ነው። ከሁለቱም ቢሆን በሰከንድ 60 ፍሬም መጠበቅ አይገባም፤ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥቦች ብዛት) ዝቅ አድርጎ፣ ሜታልኤፍኤክስ የተባለውን ምስል ማሳደጊያ ከፍቶ በ30 ፍሬም አካባቢ መጫወት ነው ልካቸው። ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት ጨርሶ ይዝጉት፤ ለዚያ የተለየ ክፍል በማክ ቺፕ ውስጥ የገባው በ2023 ከወጣው ከኤም3 ጀምሮ ነው።

የኔ ምርጫ በ2021 የወጣው ኤም1 ፕሮ ያለው ባለ 14 ወይም ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ነው። ዝቅተኛው ሞዴል እንኳ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ስላለው በዚያ በኩል የመታለል ሥጋት የለም። የኤም1 የግራፊክስ ኮሮች 7 ወይም 8 ሲሆኑ የኤም1 ፕሮ 14 ወይም 16 ናቸው፤ የሚሞሪው የማስተላለፍ ፍጥነትም ከ68 ጊጋባይት ገደማ በሰከንድ ወደ 200 ከፍ ብሏል፤ ይህ የኋለኛው ቁጥር ለግራፊክስ ከኮሮቹ ብዛት ያላነሰ ዋጋ አለው። ሁለት ፋኖችም አሉት። ማከማቻው ከ512 ጊጋባይት ስለሚጀምር ጌሙን ለመጫን ሌላ ፋይል ማጥፋት አያስፈልግም። በ2022 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም2 በቁጥሩ አዲስ መስሎ ገዢን ያሳስታል፤ ፋን የሌለው፣ ሲወጣም መነሻ ሚሞሪው 8 ጊጋባይት የነበረ ማሽን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ «ፕሮ» የሚለው ቃል «2» ከሚለው አኃዝ ይበልጣል።

የኢንቴል ማሽኖች

የዊንዶውስ እትሙ ዝቅተኛ መሥፈርት ኮር አይ7-6700 ፕሮሰሰር፣ 12 ጊጋባይት ራም፣ 70 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና እንደ ራዲዮን አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ያለ ግራፊክስ ካርድ ነው። ይህ መሥፈርት የኢንቴል ላፕቶፖችን አብዛኞቹን በአንድ ጊዜ ይጥላቸዋል። የኢንቴል ማክቡክ ኤርና ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ የራሱ ሚሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ጨርሶ የላቸውም፤ ከ2016 እስከ 2019 የተሠሩት ባለ 15 ኢንቾች ደግሞ የግራፊክስ ሚሞሪያቸው ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። ከላፕቶፕ ወገን ሊታሰብ የሚችለው የ2019ኙ ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ብቻ ነው፤ እሱም ራዲዮን ፕሮ 5500ኤም ባለ 8 ጊጋባይቱ ወይም 5600ኤም ያለበት ከሆነ ነው። 5300ኤም ያለበት፣ እንዲሁም 5500ኤም ሆኖ ባለ 4 ጊጋባይቱ፣ ከውጭ ሲታዩ ፍጹም አንድ ናቸው። ይህ ማሽን በጌም ጊዜ በጣም ይሞቃል፣ የፋኑ ድምፅም ያለ ጆሮ ማዳመጫ አያጫውትም።

ባለ 27 ኢንቹ አይማክ የተሻለ ጉዳይ አለው። የ2017ቱ በከፍተኛው ሞዴል ራዲዮን ፕሮ 580፣ የ2019ኙ 580ኤክስ ወይም ቬጋ 48 ይዞ መጥቷል፤ ሁሉም 8 ጊጋባይት ናቸው። 570፣ 575 እና የእነሱ «ኤክስ» አቻዎች ግን 4 ጊጋባይት በመሆናቸው ይቅሩ። የ2020ው 5700 ባለ 8 ጊጋባይት ወይም 5700 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋባይት ያለው ከኢንቴል ማኮች ሁሉ ለዚህ ጌም ከሚስማሙት ቀዳሚ ነው። ራሙ በጀርባው ባለች ትንሽ በር በኩል በእጅ የሚጨመር መሆኑም ከኤም ቺፕ ማሽኖች የሚበልጥበት ጎኑ ነው። 5ኬ ስክሪኑ 14.7 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ያን ሁሉ በዚህ ጌም ለመሙላት መሞከር ከንቱ ድካም ስለሆነ ሪዞሉሽኑን ወደ 2560 በ1440 ያውርዱት፤ ልክ ሩቡ በመሆኑ አንዱ ነጥብ በአራት ነጥቦች ላይ ሳይዛነፍ ይሳላል። ለ580 ግን እሱም ስለሚከብደው 1920 በ1080 ይበቃዋል።

በአይማክ ግዢ ላይ ሳይታይ የሚታለፍ አንድ ወጥመድ አለ። የ2017ና የ2019 ሞዴሎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ፊውዥን ድራይቭ የተባለውን፣ ትንሽ ኤስኤስዲን ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጋር ያጣመረ ማከማቻ ነው። ማክኦኤስ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ ስለሚያስተዳድር ማሽኑ ሲከፈት ፈጣን ይመስላል፤ ቡት ካምፕ ለዊንዶውስ የሚከፍለው ቦታ ግን የሚያርፈው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ጌሙ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ በሃርድ ዲስክ ላይ ገጸ ባሕርይው ከሕንፃዎቹ ቀድሞ ይደርሳል፣ ግድግዳዎቹ ብዥ እንዳሉ ይቆያሉ። ስለዚህ ከፋብሪካ ሙሉ ኤስኤስዲ ይዞ የወጣውን ብቻ ይፈልጉ፤ ባለ 27 ኢንቹ የ2020 አይማክ ሁሉም ኤስኤስዲ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

በተንደርቦልት 3 የሚገናኝ የውጭ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ የ2018ቱን ማክ ሚኒ ማጠናከር በአንድ ወቅት ይመከር ነበር። አፕል ይህን በማክኦኤስ 10.13.4 የፈቀደ ቢሆንም በቡት ካምፕ ለሚከፈተው ዊንዶውስ ኦፊሴላዊ ድጋፍ አልሰጠም፤ የአፕል ቺፖችም አይቀበሉትም። ዛሬ ለዚህ ሳጥን የሚወጣው ገንዘብ ለተሻለ ማሽን ቢውል ይመረጣል።

የኢንቴል ማኮችን ለመግዛት የማያደፋፍረው ዋናው ምክንያት ግን ፍጥነታቸው አይደለም። ቡት ካምፕ የሚደግፈው ዊንዶውስ 10 ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል እነዚህ ማሽኖች ለዊንዶውስ አያቀርቡም። በማክ በኩልም ማክኦኤስ 26 ለኢንቴል የሚወጣ የመጨረሻው እትም እንደሆነ አፕል አሳውቋል። ባለ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ አይማክ አስቀድሞ በእጁ ያለ ሰው ዊንዶውስ ጭኖ ቢጫወትበት ምንም አያጣም፤ ለዚህ ጌም ብሎ አሁን የሚገዛ ሰው ግን በሁለቱም በኩል በሩ የተዘጋ ማሽን እንደሚገዛ ይወቅ።

ማሽን ሳይቀይሩ

8 ጊጋባይት ኤም1 ወይም ደካማ ኢንቴል ላፕቶፕ ላለው ሰው ጂፎርስ ናው የተባለው የኤንቪዲያ የክላውድ አገልግሎት ከሁሉም ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ አማራጭ ነው። ጌሙ የሚሠራው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ወደ እርስዎ የሚደርሰው ምስሉ ብቻ ነው፤ ጌሙን ግን በራስዎ አካውንት ገዝተው መያዝ ይኖርብዎታል። ኤንቪዲያ ለ720ፒ በ60 ፍሬም 15 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ በ60 ፍሬም 25 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስቸግረው የግንኙነቱ መዋዠቅ ነው፤ ዋይፋዩን ትተው በኬብል ቢገናኙ በተኩስ ጊዜ ትእዛዝዎ የሚዘገይበት አጋጣሚ በግልጽ ይቀንሳል። የኢንተርኔት መስመሩ የሚቆራረጥ ወይም በጊጋባይት የሚከፈልበት ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይታሰብ።

ጌሙን የት መግዛት እንዳለብዎም ከማሽኑ ምርጫ ጋር ይያያዛል። በስቲም፣ በጎግ ወይም በኤፒክ የኢንተርኔት ጌም መደብሮች ከገዙት የዊንዶውስም የማክም እትም በአንድ ክፍያ የእርስዎ ይሆናል፤ ዛሬ በአይማክ ላይ በቡት ካምፕ የጀመሩትን ነገ ኤም1 ፕሮ ሲገዙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀጥሉበታል። ከማክ አፕ ስቶር የተገዛው ግን በማክ ብቻ ይቀራል። ስቲም በተጨማሪ ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱበትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። ሁለት ሰዓት አንድን ማሽን ለመመዘን ይበቃል፦ ጌሙን ጭነው በሕዝብ በተጨናነቀው የከተማው ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱ፣ አካሉ ከሞቀ በኋላ የፍሬም ብዛቱ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደወረደ ይመልከቱ፣ ካልተመቸዎት ገንዘቡን አስመልሰው ወደ ክላውዱ ይሂዱ።