ኮምጣጤ ወይስ ሲትሪክ አሲድ? ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን ኖራ

ብርጭቆው ከማሽኑ ነጭ ጉም ለብሶ ከወጣ፣ መድኃኒት ከመምረጥ በፊት ምርመራ ይቅደም። ጣትን ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ብርጭቆውን ማሸት ነው። ጉሙ ከለቀቀ ከጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን ከበዛበት ውሃ የተረፈ ኖራ ነው። ካልለቀቀ መስታወቱ ራሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በምንም አይመለስም።

ኮምጣጤ ከማዕድ ቤት ስለማይጠፋ ቀድሞ ይታሰባል። አንድ ኩባያ ሞልቶ በባዶው ማሽን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ማቆምና በሙቅ ውሃ ማዞር ነው። ሆኖም የምግብ ኮምጣጤ አሲዱ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በማሽኑ ውሃ ሲቀጥንማ ለስስ ጉም እንጂ ለተጋገረ ኖራ አቅም የለውም። ሲደጋገም የጎማ ክፍሎችን ሊጎዳ ይችላል። ሽታውንም እኔ አልወደውም።

ሲትሪክ አሲድ ስኳር የሚመስል፣ ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። ጥቂት ማንኪያ በባዶው ማሽን ወለል ላይ በትኖ ማዞር ነው። ውሃ የሚረጨው ክንድ ቀዳዳዎቹ በኖራ ከተደፈኑ፣ ክንዱን አውልቆ ዱቄቱ በሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም ቀዳዳዎቹን በጥርስ መፋቂያ እንጨት መጥረግ ይቻላል። የኔ ምርጫ ይኸኛው ነው።

ከሁለቱ የትኛውንም ከበረኪና ጋር መቀላቀል መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ያስወጣል። ቅባትና የምግብ ትራፊ የደፈነውን ማጣሪያ ግን ሁለቱም አያጸዱትም፤ እርሱን አውጥቶ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ነው።