የሐረጎን ዳገት ስትወጡ መኪናችሁ ለሚሞቅባችሁ፦ ኮምቦልቻ ያለ አንድ መካኒክ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ። በአደባባይ ላመሰግነው ፈለግሁ። ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ባለመኪናዎችም እንድታውቁት።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ ስነዳት ምንም አትል። ሐረጎን ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ ግን የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ ትጠጋለች፤ የራዲያተሩም ውሃ ይገነፍላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው አየት አደረጉና «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይወርዳል» አሉኝ፤ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየራል ማለት ነው። የጠሩት ዋጋ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። የሰፈራችን ባለታክሲ «ከማስፈታትሽ በፊት እሱ ይያት» ብሎ ነው ወደዚህ ልጅ የላከኝ።

እሱ መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ ጠየቀኝ። የምትሞቀው ዳገት ላይ ብቻ ነው? ነጭ ጭስ ታወጣለች? ጠዋት ስታስነሺያት ትንተፋተፋለች? ከዚያ ሞተሩ እስኪበርድ አስጠበቀኝ። የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል፤ ይህን በጣም ያጠብቃል። የዘይቱን ክዳን ነቅሎ አሳየኝ፤ ንጹህ ነው። ዘይትና ውሃ ቢቀላቀል ኖሮ ወተት የመሰለ ነገር ይይዝ ነበር። ራዲያተሩን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ውሃው ላይ የጓርኒሲዮን መቃጠል ምልክት የሆነው አረፋ የለም።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ከእጅ ፓምፕ ጋር አገናኘው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተጽፏል፤ ያን ያህል ግፊት መያዝ አለበት። ፓምፑን ሲገፋ መርፌው ትንሽ ከፍ ይልና ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። ክዳኑን ገልብጦ ጎማውን በጥፍሩ ጫን ሲያደርገው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። «አብሽሪ እህት ዓለም፣ ሞተርሽ ጤነኛ ነው» አለኝ። ይህን ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ። የመኪና ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑም 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃው 110 ዲግሪንም አልፎ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ከላላ ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ስንቱ ሰው በዚህች ክዳን ምክንያት ሞተር አስፈትቶ ይሆን?

አዲስ ክዳን ገጠመ፣ የቧንቧ ውሃውን አፍስሶ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሞላ። በዚህ አላበቃም፤ «ሳናረጋግጥ አልለቅሽም» ብሎ አብሮኝ ሐረጎን ወጣ። መርፌዋ ደሴ እስክንገባ ከመሀል ንቅንቅ አላለችም።

ስንመለስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እንድወርድ ነገረኝ። በዜሮ ማርሽ መውረድን አጥብቆ ይቃወማል፣ ልክም ነው፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወድቆ ፍሬኑ ይግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሐረጎን ፍሬን እየረገጣችሁ ስትወርዱ ከፈላ፣ ፔዳሉ ሳይይዝ ወለል ይነካል። የእኔው ዘይት ጠቁሮ ስለነበር ቀየረልኝ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላል።

ያስከፈለኝ የክዳኑን፣ የኩላንቱን፣ የፍሬን ዘይቱንና ተመጣጣኝ የእጅ ዋጋ ነው። የድሮውን ክዳንም ሰጥቶኛል። የቀየረውን ዕቃ ለማንም ቢሆን መልሶ ያስረክባል፤ ይህን ከሌሎች ደንበኞቹም ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ እጅህን አይንሳን፤ አላህ ይስጥልኝ!

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ መኪናዋም ቀዝቃዛ ትሆናለች። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ከሰዓት ነው የምታገኙት። የቀለምና የአካል ሥራ አይሠራም፤ የኤሌክትሪክ ብልሽት ከሆነም አልችለውም ብሎ ወደሚያምነው ባለሙያ ይልካችኋል።