የሚበየድበት ፕራይመር፦ ዚንኩ ወይስ መዳቡ?

ተደራርበው ለሚበየዱ ላሜራዎች ከሚሸጡት ስፕሬይ ፕራይመሮች (ከብየዳው በፊት የሚቀቡ ዝገት መከላከያ ቀለሞች) ምርጫችን ዚንክ ያለበት ነው። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ራሱ ስለሚበላ፣ ቢጫር እንኳ ባዶው ብረት ቶሎ አይዝግም። መዳብ ያለበት ብየዳ ላይ ይመቻል፤ ፍንጣሪው ትንሽ፣ አርኩም (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የረጋ ነው። ግን እርጥበት ከገባ በተጫረው ቦታ ብረቱን ያስበላዋል እንጂ አያድነውም።

የዚንኩ ጣጣ ሙቀት ላይ ነው። በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ብረት የሚቀልጠው ደግሞ በ1500 አካባቢ ነው። ስለዚህ ወፍራም ከተቀባ ትነቱ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይታፈንና ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል። ዚንክ ከባድ ስለሆነ ታች ይዘቅጣል፤ በጣሳው ውስጥ ያለችው ማደባለቂያ ኳስ ከተላቀቀች በኋላ ጣሳውን 2 ደቂቃ ያህል ይናጡት። ዝገትና ቅባቱን አጽድተው ስስ አድርገው ይርጩ፣ በደንብ ይድረቅ። ለስፖት ብየዳ (ላሜራዎቹን በሁለት ኤሌክትሮድ ጨምቆ ነጥብ በነጥብ ለሚበይደው) እንዳለ ይተዉት። በሚግ (ሽቦ እየመገበ በሚበይደው) ከሆነ ግን ለብየዳው በላይኛው ላሜራ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ፕራይመር ይፋቁ፤ «ላዩ ላይ ይበየዳል» የሚለውን የጣሳ ጽሑፍ ቃል በቃል አይውሰዱት።

ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፤ አየር ያስገቡ፣ የብያጅ ጭስ የሚያጣራ ማስክ ያድርጉ። ከብየዳው በኋላ ዙሪያው ተቃጥሎ ይራቆታል፤ ተቦርሾ ኢፖክሲ (ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚደርቅ ጠንካራ ቀለም) ይቀባ፣ እጅ በማይደርስበት ውስጡ ሰም ይረጭ።